የፓሪስ ፋሽን ሳምንት ያለ ግብዣ ካርድ፦ ለተራ መንገደኛ ያዋጣል?

ቁርጡን አስቀድመን እንናገር። የፓሪስ ፋሽን ሳምንት ትኬት የለውም። በር ላይ አይቆረጥም፣ በኢንተርኔት አይገዛም፣ በደላላ አይመጣም። እያንዳንዱ ትርኢት አንድ የፋሽን ቤት በራሱ ወጪ የሚደግሰው የግል ጥሪ ነው። የሚጠሩትም ልብሱን ለየሱቃቸው የሚያዝዙ ነጋዴዎች፣ ጋዜጠኞች፣ የቤቱ ከባድ ደንበኞችና ፎቷቸው በአንድ ሌሊት ዓለምን የሚያዳርስ ዝነኞች ናቸው። እንደ ሰርግ ቤት ነው፤ ካርድ ያልደረሰው ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ሚዜዎቹ ሲገቡና ሲወጡ ያያል።

እዚህ የምንመዝነው ያንን ከውጭ መቆሙን ነው። የአውሮፕላን ዋጋ ያወጣል ወይ? ለብቻው አያወጣም። ከከተማዋ የልብስ ሙዚየሞችና ከጨርቅ ገበያው ጋር ተደምሮ፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን ተወስኖ፣ ሰዓቱ በጥንቃቄ ከተያዘ ግን ፓሪስን ለማየት ከዚህ የሚሻል ሰሞን አናውቅም። ዘጠኙንም ቀን እቆያለሁ ያለ ሰው አምስተኛው ቀን ላይ እግሩም ኪሱም ይዝላል።

የትኛው ሳምንት?

በዓመት ስድስት ጊዜ አለ። የወንዶቹ ጥምቀት ባለፈ ሰሞንና በሰኔ ነው። እሱን ተከትሎ ኦት ኩቱር የሚባለው፣ በአንዲት ደንበኛ ልክ በእጅ የሚሰፋው ውድ ልብስ፣ በጥርና በሰኔ መጨረሻ ይታያል። ሰው ሁሉ «ፋሽን ዊክ» ሲል የሚያስበው ግን የሴቶቹን ሁለት ወቅት ነው፦ አንዱ አድዋ በሚከበርበት ሰሞን፣ ሌላው ከመስቀል ማግስት። እ.ኤ.አ. በ2025 (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለምሳሌ ከማርች 3 እስከ 11 እና ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኦክቶበር 7 ነበር። ሰኞ ተጀምሮ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ያልቃል።

ለተመልካች የመስከረሙ ይሻላል። በየካቲቱ ጠዋት ላይ ብርዱ እስከ 5 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ አጥር ተደግፎ አንድ ሰዓት መቆም ደግሞ ከመራመድ በላይ ያቀዘቅዛል። በመስከረም ቀኑ ገና ረጅም ነው፣ እንግዶችም ካፖርት ስለማይደርቡ የለበሱት ልብስ ይታያል። ኦት ኩቱር አራት ቀን ብቻ ነው፣ የሚያሳዩት ቤቶችም ጥቂት ናቸው። በር ላይ የሚታየው አለባበስ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ለአጭር ጉዞ እሱም መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ፕሮግራሙን ማንበብ

ሕጋዊው ፕሮግራም አንድ ብቻ ነው፤ የፈረንሳይ የኦት ኩቱርና የሞድ ፌዴሬሽን በድረ ገጹ የሚያወጣው። ከሳምንታት በፊት ረቂቁ፣ ቆይቶ የመጨረሻው ይወጣል። ቀን፣ ሰዓትና የፋሽን ቤቱን ስም ይነግራል፤ አድራሻ ግን አይጽፍም። በአንድ የሴቶች ወቅት ከ100 በላይ ዝግጅት ይኖራል። ከነዚህ ውስጥ ሞዴሎች የሚራመዱበት «ዴፊሌ» ሲባል፣ ልብሱ ተሰቅሎ ወይም ሞዴሎች ቆመው ለሁለት ሦስት ሰዓት የሚታይበት «ፕሬዘንታሲዮን» ይባላል። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሁለተኛው አይጠቅምም፤ ሰዎች በየተራ ስለሚገቡና ስለሚወጡ በሩ ላይ ግርግር የለም። ሰዓቱ በ24 ቆጠራ ስለሚጻፍ 20:00 ካለ በእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ 9:30 ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል።

አድራሻው ሳይጻፍ እንዴት ይታወቃል? ትልልቆቹ ቤቶች ልማድ አላቸው። ሻኔል ከ2005 ጀምሮ ግራን ፓሌ ነው፤ ሕንጻው ሲታደስ ለጥቂት ዓመታት ወጥቶ በ2024 ኦክቶበር ተመልሷል። ሳን ሎራን ምሽት ላይ ኤፍል ግንብን ከበስተጀርባ አድርጎ ማሳየት ይወዳል። ዲዮር ለረጅም ጊዜ ሮዳን ሙዚየም ግቢ ውስጥ ያሳይ ነበር፤ በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ድንኳን የሚተክልበትም ወቅት አለ። ሪክ ኦዌንስ ፓሌ ደ ቶኪዮን አይለቅም። ልማድ ቢጠፋ እንኳ ዋዜማውን በአካባቢው ማለፍ ይበቃል፤ የብረት አጥር፣ የመብራት መኪናና ጥቁር ሱፍ የለበሱ ጥበቃዎች ካሉ ነገ እዚያ ነው።

ሜትሮ መስመር 1ን ሸምድዱ

ካርታ ከመዘርጋት ይልቅ አንድ የባቡር መስመር ማወቅ ይቀላል። መስመር 1 ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሳን ፖል (ማሬ ሰፈር)፣ ኦቴል ደ ቪል፣ ሉቭር፣ ፓሌ ሮያል፣ ቱይለሪ፣ ኮንኮርድ፣ ሻንዜሊዜ ክሌማንሶና ፍራንክሊን ሩዝቬልት ይቆማል። የሳምንቱ ዋና ዋና በሮች አብዛኞቹ በእነዚህ ጣቢያዎች ዙሪያ ናቸው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ላይ ወደ መስመር 9 ሲቀየር አልማ ማርሶ፣ ኢዬና እና ትሮካዴሮ ተከታትለው ይመጣሉ። ሮዳን ሙዚየም ብቻ ወጣ ይላል፤ መስመር 13፣ ቫሬን ጣቢያ።

ከበሮቹ ሁሉ ለተራ ተመልካች ምርጡ ግራን ፓሌ ነው። መግቢያው በዊንስተን ቸርችል ጎዳና ነው፤ ጎዳናው ሰፊ ነው፣ በዕለቱ ለመኪና ይዘጋል፣ ፊት ለፊቱም ፕቲ ፓሌ የሚባለው ሙዚየም ደረጃ አለ። ያልታጠረ እንደሆነ ከደረጃው ላይ የሰው ጭንቅላት ሳይከልል ይታያል። ደግሞም የፕቲ ፓሌ ቋሚ ስብስብ መግቢያው ነጻ ነው፤ መጸዳጃ ቤትና ብርድ የሚያሳልፉበት ጣሪያ አገኛችሁ ማለት ነው። ችግሩ ሰኞ ዝግ መሆኑ ነው፤ ሻኔል ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት በአንዱ ስለሚውል ሰኞ ሊገጥም ይችላል።

ቱይለሪ ሁለተኛ ነው። አትክልት ስፍራው የሕዝብ ስለሆነ ድንኳኑ ከተተከለበት ጥግ በቀር መዘዋወር አይከለከልም። በሪቮሊ ጎዳና በኩል የሚሄደው ከፍ ያለ መተላለፊያ ክፍት ከሆነ ከታች ካለው ግፊያ ያድናል። መሬቱ ነጭ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጫማና የልብስ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። ነጭ ነጠላና ቀሚስ ለብሳችሁ ፎቶ አንሺ ለማማለል ካሰባችሁ (ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ የሸማ ጥበብ እዚያ ከብዙ ብራንድ ልብስ በላይ ዓይን ይስባል) ደረቅ ቀን ምረጡ።

ትሮካዴሮ ለምሽት ጥሩ ነው። ቦታው በአጥር ቢከለልም የእንግዶቹ አመጣጥና መብራቱ ከላይኛው አደባባይ ይታያል፤ ከጨለመ በኋላ በየሰዓቱ መባቻ ኤፍል ግንብ ለ5 ደቂቃ ሲያብለጨልጭ ደግሞ ማንም አይከለክላችሁም። በኪስ አውላቂ ግን የታወቀ ቦታ ነው። ሁሉም ሰው ስልኩን ወደ ላይ ባነሳበት ሰዓት ቦርሳ ማን ያያል?

ፓሌ ደ ቶኪዮ በሪክ ኦዌንስ ቀን ከሁሉም ያዝናናል። እዚያ ዝነኛ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከእግር እስከ ራሳቸው ጥቁር ለብሰው፣ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ ቦት ጫማ ያጠለቁ አድናቂዎች ራሳቸው ትርኢት ናቸው። ፎቶ ሲጠየቁም ደስ ብሏቸው ይቆማሉ።

ሁለት ቦታ ዝለሉ እንላለን። አንደኛው የሉቭር ውስጠኛ አራት ማዕዘን አደባባይ ነው፤ ሉዊ ቪቶን እዚያ ሲያሳይ ግቢው ሙሉ በሙሉ ስለሚዘጋ ከጥቁር መኪና ጣሪያ በቀር የሚታይ የለም። ሁለተኛው ሮዳን ሙዚየም ነው፤ የቫሬን ጎዳና ጠባብ ነው፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ጎዳና ላይ ስላለ ፖሊሱ ቆሞ መጠበቅን አይታገሥም።

ሰዓቱ ነው ዋናው

ከውጭ የሚመለከት ሰው ብዙ ጊዜ የሚበላሽበት በሰዓት ነው። በፕሮግራሙ በተጻፈው ሰዓት ከደረሰ አርፍዷል፤ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከደረሰ ደግሞ ባዶ አጥር ይጠብቃል። አብዛኛው ትርኢት ከተጻፈው ሰዓት 30 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ይጀመራል፤ ራሱ ትርኢቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። እንግዶች መድረስ የሚጀምሩት ከተጻፈው ሰዓት 45 ደቂቃ ያህል ቀድመው ነው። መጀመሪያ ነጋዴዎቹና ጋዜጠኞቹ በእግርና በሜትሮ ይመጣሉ፤ ቀጥሎ በአለባበሳቸው የሚታወቁት ይደርሳሉ። ታላላቅ ዝነኞች የሚመጡት ከተጻፈው ሰዓት በኋላ፣ ሊጀመር ሲል ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ሲያልፍ «አመለጠኝ» ብሎ መሄድ ትልቁ ስህተት ነው።

አንድ ዘዴ እንንገራችሁ። ትልልቆቹ ቤቶች ትርኢታቸውን በዩቲዩብና በኢንስታግራም በቀጥታ ያስተላልፋሉ። አጥሩ ጋ ቆማችሁ ስርጭቱን በስልክ ክፈቱ፤ ሞዴሎቹ መራመድ ሲጀምሩ የሚገባ ሰው አብቅቷል፣ ሩብ ሰዓት ዕረፍት አላችሁ። ዲዛይነሩ ወጥቶ እጁን ሲያውለበልብ ግን በሩ ሊከፈት ነውና ቦታችሁን ያዙ። መውጫው ከመግቢያው ይሻላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወጣና መኪናው በትራፊክ ስለሚያዝ ዝነኛውም ቆሞ ይጠብቃል። ባትሪ በዚህ ዘዴ ቶሎ ስለሚያልቅ ፓወር ባንክ ግድ ነው።

ሞዴሎቹ በዋናው በር አይወጡም። ዞር ብሎ በሕንጻው ጎን ወይም ጀርባ የመብራትና የልብስ መኪናዎች የቆሙበትን በር ፈልጉ። ትርኢቱ ካለቀ ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ፀጉራቸው እንደተሠራ፣ የፊት ቅባቸው ሳይለቅ፣ በራሳቸው ጂንስና ስኒከር ወደሚቀጥለው ትርኢት ሲሮጡ ታያላችሁ። ሊያ ከበደ በዚህ ከተማ መድረኮች በሠራችባቸው ዓመታትም ሥራው ይኸው ነበር፤ በአንድ ቀን ከበር ወደ በር ሩጫ። መንገዳቸውን ሳትዘጉ ብትጠይቁ ብዙዎቹ ፎቶ አይከለክሉም።

ምን ያህል ቀድሞ መድረስ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የፋሽን ቤቱ ዝና ሳይሆን ማን እንደሚመጣ ነው። የኮሪያ ዘፋኞች ያሉበት ቤት ከሆነ (ጂሱ ለዲዮር፣ ጄኒ ለሻኔል፣ ሮዜ ለሳን ሎራን፣ ሊሳ ለሉዊ ቪቶን አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል) አድናቂዎቻቸው ሦስት ሰዓት ያህል ቀድመው አጥሩን ይይዙታል፤ ከኋላ የቆመ ሰው የሚያየው የተዘረጋ ስልክ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቀን መሐል ከመጋፋት መኪናዎቹ ከሚታጠፉበት ጥግ መቆም ያዋጣል። ኮሪያዊ ዝነኛ በሌለበት ቤት 40 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ይበቃል።

በሩ ላይ ያሉት ፎቶ አንሺዎች እንጀራቸው ነውና ፊታቸው አትቆሙ፤ ይጮኹባችኋል፣ ልክም ናቸው። ራሳቸው ግን ለአንድ ፎቶ አስፋልት መሐል ይገባሉ፤ እነሱን ተከትሎ መግባት በመኪና መገጨት ነው። መንገድ ላይ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል፤ የሰው ፊት ጎልቶ የወጣበትን ለንግድ መጠቀም ግን የፈረንሳይ ሕግ አጥብቆ የሚይዘው ነገር ነው። አይታችሁ፣ በምልክት ጠይቃችሁ አንሱ።

«ቪአይፒ ትኬት» የሚሸጡላችሁ

በየወቅቱ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ዩሮ የሚጠየቅበት የፋሽን ሳምንት ጥቅል ይሸጣል። ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ፍጹም ውሸት ነው፤ ግብዣው በስምና በኮድ የተያዘ ስለሆነ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ሲመሳከር ይወድቃል። ሁለተኛው እውነተኛ ትርኢት ነው፣ ግን በፌዴሬሽኑ ፕሮግራም ውስጥ የለም፤ አንድ አዘጋጅ የሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ ከዲዛይነሮች የመሳተፊያ፣ ከተመልካች የመግቢያ ገንዘብ እየሰበሰበ፣ በማስታወቂያው ላይ «ፓሪስ» እና «ፋሽን ዊክ» የሚሉትን ቃላት የሚያስጠጋበት ነው። ማታለል ባይባልም ያሰባችሁት ነገር አይደለም። ሦስተኛው ስጦታ የተባለ ግብዣን መልሶ መሸጥ ነው፤ የፋሽን ቤቱ ካወቀ ወንበሩን ይሰርዘዋል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ የቤቱ ስም በፌዴሬሽኑ ፕሮግራም ላይ ካለ አይሸጥም፣ ከተሸጠ በፕሮግራሙ ላይ የለም።

ለሕዝብ በነጻ የሚታይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። የመዋቢያ ኩባንያው ሎሬያል ፓሪስ ከ2017 ወዲህ በመስከረሙ ሳምንት አደባባይ ላይ የራሱን ትርኢት ያዘጋጃል፤ በ2017 ሻንዜሊዜ ጎዳና ላይ፣ በ2018 ሴን ወንዝ ላይ በተንሳፈፈ መድረክ፣ በ2024 ኦፔራ ጋርኒዬ ፊት ለፊት ነበር። እዚህም ወንበሩ የተጋባዥ ነው፤ የተቀረው ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል። ልዩነቱ መድረኩ ራሱ መታየቱ ነው። ቀኑን ከያዛችሁ የሌላውን ቤት በር ትታችሁ ወደዚህ ሂዱ።

ልብስ ሰፊ፣ የቡቲክ ባለቤት ወይም የፋሽን ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ጋዜጠኛ ለእያንዳንዱ ቤት የፕሬስ ክፍል ለየብቻ ይጽፋል፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀድሞ፣ የድርጅቱ ማኅተምና አርማ ባለበት ደብዳቤ፣ ከዚህ በፊት የሠራውን አያይዞ። የአንድ ቤት እሺታ ለሌላው አይሠራም፤ መልስ ካልመጣ አይሆንም ማለት ነው። ለነጋዴ ደግሞ ትራኖይና ፕሬሚዬር ክላስ የሚባሉት የንግድ ትርኢቶች በዚያው ሳምንት ይካሄዳሉ፤ ባጁ የሚሰጠው የሱቅ ወይም የኩባንያ ማስረጃ ላቀረበ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ሥራውን ውጭ ለማውጣት የሚያስብ ሰው ከሻኔል አጥር ይልቅ እዚህ አንድ ቀን ቢውል ብዙ ይማራል፦ ስካርፍ በስንት ይሸጣል፣ ትዕዛዝ በስንት ፍሬ ይጀምራል፣ መቼ ይረከባል።

ቀኑን የሚሞላው

በትርኢትና በትርኢት መካከል ሁለት ሦስት ሰዓት ክፍተት ይኖራል፤ ጉዞውን የሚያዋጣውም ይህ ክፍተት ነው። ጋለሪ ዲዮር በአቬኒው ሞንቴኝ 30 ቁጥር፣ ቤቱ በተመሠረተበት ሕንጻ ውስጥ በ2022 ተከፍቷል። ደረጃው ዙሪያ በቀለም የተደረደሩት ጥቃቅን ቀሚሶችና ጫማዎች ብቻቸውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣሉ። ሰዓት በኢንተርኔት ሳይያዝ ከተሄደ ሰልፉ ግማሽ ቀን ይበላል፤ መግቢያው በጎን፣ በፍራንሷ ፕሬሚዬ መንገድ ነው፤ ማክሰኞ ይዘጋል። ፓሌ ጋሊዬራ የከተማዋ የፋሽን ሙዚየም ነው፤ ከኢዬና ጣቢያ ትንሽ ርምጃ፣ ከፓሌ ደ ቶኪዮም መንገድ ተሻግሮ ነው። ሰኞ ዝግ ነው፤ አንዱን ኤግዚቢሽን አንስቶ ሌላውን እስኪሰቅል የሚዘጋባቸው ሳምንታትም ስላሉት ድረ ገጹን ሳያዩ አይኬድም። በሪቮሊ ጎዳና 107 ቁጥር ያለው የጌጥ ጥበባት ሙዚየም ቱይለሪ ለሚውል ሰው ዝናብ መጠለያም ጭምር ነው። ማሬ ውስጥ በቬረሪ መንገድ 18 ቁጥር የአዘዲን አላያ ፋውንዴሽን አለ፤ ትንሽ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ስፌትን ለሚረዳ ዓይን ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቱኒዚያ ተወልዶ ፓሪስን ያስደገደገው አላያ በ2017 ሲያርፍ ትቶት የሄደው ልብስ እዚያ ከቅርብ ይታያል፤ ዳርቱ፣ ቅዱ፣ የስፌት መስመሩ።

ጥልፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ኦበርቪሊዬ አፋፍ ላይ ያለው 19ኤም አለ። ሻኔል የሰበሰባቸው የእጅ ሙያ ቤቶች፣ ከነሱም በ1924 የተመሠረተው የሌሳዥ ጥልፍ ቤት፣ እዚያ ይሠራሉ። የሚሠሩበት ክፍል ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ጋለሪው ግን ኤግዚቢሽን በሚኖርበት ጊዜ ሕዝብ ያስገባል።

ከሁሉ በላይ የምንመክረው ጨርቁን ነው። ሞንማርትር ኮረብታ ግርጌ፣ ከአንቬር ጣቢያ (መስመር 2) አምስት ደቂቃ በእግር፣ ማርሼ ሳን ፒዬርና በዙሪያው ያሉት ሱቆች ጨርቅ በሜትር ይሸጣሉ። «ኩፖን» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ፤ አስቀድሞ የተቆረጠ፣ ብዙ ጊዜ 3 ሜትር የሆነ ጨርቅ ነው፣ ከፋብሪካና ከፋሽን ቤቶች የተረፈ ጥሩ ዓይነትም ይገኝበታል። ለአንድ ቀሚስ ከነገበሩ በቂ ነው፤ ጥለት ወይም ቼክ ያለው ከሆነ ግን ሲገጣጠም ስለሚበላ ሁለት ኩፖን ያዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ዘርግታችሁ በመስኮት ብርሃን እዩት፤ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ የለቀቀ አይጠፋም። መልሶ መቀየር የለም።

ቪዛ፣ ባቡር፣ አልጋ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ከሁሉም በፊት ቪዛውን ያስብ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 ኤፕሪል መጨረሻ ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ መደበኛ የመመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችለውም ቪዛ ቀርቷል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ። ለመስከረሙ ሳምንት በሰኔ ማስገባት ጥሩ ነው፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ማስገባት ቁማር ነው። ክፍያው ከ2024 ጁን ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የጉዞ ምክንያት ላይ «ጉብኝት» ብላችሁ ጻፉ። «ለፋሽን ሳምንት» ብሎ ጽፎ ግብዣ ማቅረብ ያልቻለ ሰው ራሱ ላይ ጥያቄ ይጭራል። ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖር ከመኖሪያው አገር ያመልክት፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ወይም ኢቃማው ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር እንዲቀረው ያድርግ። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ከ2025 ኦክቶበር ጀምሮ በደረጃ በተዘረጋው አዲሱ የመግቢያና መውጫ ምዝገባ ግን ድንበር ላይ አሻራና ፎቶ ይሰጣል።

ለባቡር የናቪጎ ሳምንታዊ ካርድ ለዚህ ጉዞ የተሠራ ይመስላል። ከሰኞ እስከ እሑድ ብቻ ስለሚሠራ ሰኞ ከሚጀምረው ፕሮግራም ጋር ይገጥማል። በ2025 ታሪፍ 31.60 ዩሮ ነበር፤ ከሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣውን ባቡርም ያካትታል። ለንጽጽር፣ በዚያው ታሪፍ ነጠላ የሜትሮ ትኬት 2.50፣ የአውሮፕላን ማረፊያው 13 ዩሮ ነበር። ካርዱ ራሱ 5 ዩሮ ሲሆን ትንሽ ጉርድ ፎቶ ይለጠፍበታል፤ ፎቶ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ለያዝነው ሳምንት የሚሸጠው እስከ ሐሙስ ነው፤ አርብ የደረሰ ሰው ቢገዛ ለቀጣዩ ሳምንት ይሆንበታል፣ ስለዚህ በነጠላ ትኬት ይሂድ።

አልጋ በመሐል ከተማ በዚያ ሰሞን ይወደዳል። መስመር 1ን ተከትሎ ዳር መውጣት ነው፤ በምሥራቅ ቫንሴን፣ በምዕራብ ላ ዴፋንስ። ሁለቱም ያለ ቅያሬ ቱይለሪ ያደርሳሉ። ላ ዴፋንስ የቢሮ ሰፈር ስለሆነ ሆቴሎቹ ቅዳሜና እሑድ ይረክሳሉ፤ ማታ ግን ጭር ይላል። ቫንሴን ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው፣ ዳቦ ቤትና ገበያ አለው፣ እኛ እሱን እንመርጣለን። ምግብ ከዳቦ ቤት ሳንድዊች ያዙ፤ አቬኒው ሞንቴኝ ላይ ያለ ካፌ በረንዳ ለማክያቶ ቦታ አይደለም። በየመንገዱ ያሉት ግራጫ የሕዝብ መጸዳጃዎች ነጻ ናቸው።

ቪዛውም ወጪውም ለከበደበት አንድ ቃል። አሜሪካ ላላችሁ፣ የኒውዮርኩ በፌብሯሪና በሴፕቴምበር ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ በአውቶቡስ ይደረሳል። ከ2015 ሊንከን ሴንተርን ከለቀቀ ወዲህ ግን ትርኢቶቹ በከተማው ሁሉ ተበትነዋል፣ እንደ ፓሪስ በአንድ መስመር አይያዙም። ለንደን በ2019 ለሕዝብ ትኬት ሸጧል፤ ዋጋው ከ135 ፓውንድ ይጀምር ነበር። የሚላኑ ለአጋጣሚ የተተወ ነው፤ ሞንክሌር የሚባለው የፋሽን ቤት በ2022 ዱዎሞ አደባባይ ላይ ያደረገውን ዓይነት ለሁሉም ክፍት የሆነ ምሽት በየዓመቱ አይገኝም።

ፓሪስ ዕቃ የገዛችሁና ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትኖሩ ከሆነ ዴታክስን፣ ማለትም በዕቃው ላይ የከፈላችሁትን ቀረጥ ማስመለሱን፣ አትርሱ። በአንድ ሱቅ ከ100 ዩሮ በላይ ከገዛችሁ ፓስፖርት አሳይታችሁ ቅጹን አስሞሉ፤ ቅጹ እዚያው ሱቁ ውስጥ ካልተሞላ ኋላ ማስተካከያ የለውም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፓብሎ የሚባለው ማሽን አለ፤ ኮዱን ስካን ሲያደርጉ አረንጓዴ ከበራ አለቀ፣ ቀይ ከበራ ወደ ጉምሩክ መስኮት ይኬዳል። ይህ ሁሉ ሻንጣ ከመስጠታችሁ በፊት መሆን አለበት፤ ጉምሩኩ ዕቃውን አሳዩኝ ሲል ሻንጣው አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ከገባ ገንዘቡ ቀርቷል። የቀረጡ መጠን 20 በመቶ ቢሆንም አስመላሹ ድርጅት የራሱን ስለሚቆርጥ በእጅ የሚገባው ከ12 በመቶ ብዙም አይርቅም።